ጀልባ የጎተተች የቤታችን መኪና

ባለፈው ወር አንድ ቆራሌው በራችን ላይ ቆሞ፣ ግቢው ጥግ አጥር ተደግፎ የቆመውን ተሳቢ በኪሎ እንድሸጥለት ጠየቀኝ። ምን እንደሆነ አላወቀውም።

«የጋሪ ነው፣ እማማ?» አለኝ።

«የጀልባ ነው» ስለው ሳቀ።

አልፈረድኩበትም። ሸዋ ሮቢት ባሕር የለን፣ ሐይቅ የለን። ያለን፣ በጋውን አሸዋና ድንጋይ ሆኖ ከርሞ ክረምት ሲገባ ሰው የሚበላ ወንዝ ነው።

ሰውየው ከሄደ በኋላ ይህን ጽሑፍ ጀመርኩ። በጡረታ ከተሰናበትኩ ቆይቻለሁ፤ ባለቤቴ ጌታነህ ካረፈ ግን ገና ዓመት አልሞላውም። ቀስ እያልኩ ነው የምጽፈው። አንዳንድ ቀን ጥቂት መስመር ጽፌ እተዋለሁ። የእሱ ስም ያለበት ቦታ ስደርስ ብዕሩን አስቀምጬ ጓሮ እወጣና ማንጎው ሥር ቆይቼ እመለሳለሁ። ሴቶች ልጆቼ ሲደውሉ «እማዬ፣ የት ደረስሽ?» ይሉኛል። «ገና አሊዩ አምባ ነኝ» እላቸዋለሁ፤ ይስቃሉ።

አሊዩ አምባ የመጀመሪያ የሥራ ቦታዬ ናት። በደርግ መጨረሻ ዓመታት አዋላጅ ነርስ ሆኜ እንደተመረቅሁ እዚያ ተመደብኩ። ደሞዛችን ከላይ ከአንኮበር በሰው እጅ ስለሚመጣ ይዘገይ ነበር፤ ስለ እሱ ከዚህ በላይ አልጽፍም። የምጽፈው ሥራውን ስላስተማሩኝ ስለ ሲስተር ጽጌ ነው።

ሲስተር ጽጌ አጭር፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ ጥፍራቸውን ሁልጊዜ እስከ ሥጋው የሚቆርጡ ሴት ነበሩ። ምጥ ላይ ያለች ሴት ዘንድ ሲገቡ ቁጭ ሳይሉ አይናገሩም። «ቆሞ የሚያናግራት ሰው ጥሏት የሚሄድ ይመስላታል» ይሉኝ ነበር። «አይዞሽ» የሚለውን ቃል ብቻውን እንድናገር አይፈቅዱልኝም። «አይዞሽ ካልሽ ቀጥሎ የምታደርጊላትን ንገሪያት፤ አለዚያ ዝም በይ።» የማዋለጃ ቦርሳቸውን ሲያዘጋጁ መጀመሪያ የሚፈለገውን ከላይ፣ መጨረሻ የሚፈለገውን ከሥር ያደርጉና ዘግተው በአንድ እጃቸው ያነሱታል፤ አንድ ነገር ከጎደለ እጃቸው ያውቃል። በቅሎ ጭነን ወደ ገጠር ስንወጣ ደግሞ በቅሎዋን አንድ ጊዜ ይዞራሉ፤ እያዩ ሳይሆን እየዳሰሱ። ቀበቶውን፣ ግላሱን፣ ኮቴውን። «ዓይን ይቸኩላል፤ እጅ አይቸኩልም» ነበር ምክንያታቸው።

ጋሽ ሰይድን ያወቅኋቸውም እዚያ ነው። አርጎባ ናቸው፤ ከአባታቸው ጀምሮ በግመል ጨው ሲያመላልሱ የኖሩ። የመጀመሪያ ልጃቸውን ያዋለድነው ሲስተር ጽጌና እኔ ነን። ከዚያ ወዲህ የትም ብሄድ «እህቴ ሲስተር» እያሉ ይጠይቁኛል። የግመሉ ንግድ ሲቀዘቅዝ ወደ ጀውሃ ወርደው በአውራ ጎዳናው ዳር ሱቅ ከፈቱ።

ከአሊዩ አምባ ወደ አጣዬ ተዛወርኩ። መንግሥት የተለወጠው እዚያ ሆኜ ነው። የአጣዬው አለቃዬ በየሳምንቱ ሪፖርት የሚቀበልና የማያነብ ሰው ነበር፤ ክፋት ግን አልነበረበትም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሸዋ ሮቢት ጤና ጣቢያ መጣሁና ጡረታ እስክወጣ እዚያው ቀረሁ።

ጌታነህ በአውራ ጎዳናው ዳር ጋራዥ ነበረው። ከጣርማ በር ቁልቁል ፍሬናቸው እየጨሰ የሚወርዱ የጭነት መኪናዎች መጀመሪያ የሚያቆሙት እሱ በር ላይ ነው። የተዋወቅነው የጤና ጣቢያው መኪና ተበላሽታ እሱ ሲሠራት ነው፤ መኪናዋ ደጋግማ ትበላሽ ስለነበር ደጋግመን ተገናኘን። በኋላ «አውቀህ ነው በደንብ ያልሠራሃት» እለው ነበር። «የመንግሥት መኪና ናት፤ ለመበላሸት የእኔን እርዳታ አትፈልግም» ይለኛል።

ሁለት ሴት ልጆች ወለድን። ለቤታችንም ስምንት ሰው የምትይዝ ነጭ ሚኒቫን ገዛን። ሰውነቷ ለስላሳ፣ ሆዷ ለመሬት የቀረበ፣ ጎትቶ የሚወስዳት የፊት ጎማዋ ነው። ጌታነህ ዓርብ ዓርብ በገዛ እጁ ያጥባታል። ይቺ መኪና ጀልባ ትጎትታለች ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም።

ጀልባው የመጣው እንዲህ ነው። ከጀውሃ በታች፣ ወንዙ ሁለት ቦታ ተከፍሎ በሚሄድበት ቆላ ላይ መንደሮች አሉ። ክረምት ሲገባ ይቆረጣሉ። ቆላው ላይ አንዲት ጠብታ ሳይዘንብ፣ ፀሐይ አናት እየበሳች፣ ከላይ ደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ ደራሽ ሆኖ ይመጣል። ምጥ የያዛት ሴት ወንዙ ዳር ተቀምጣ ጎደለልኝ አልጎደለልኝ እያለች ስትጠብቅ የምትሞትበት ጊዜ ነበር። አንድ የእርዳታ ድርጅት ሥራውን ጨርሶ ሲወጣ አንድ ጠንካራ የፋይበር ጀልባ ከነሞተሩ ለወረዳው ትቶ ሄደ። የርክክቡ ወረቀት ብዙ ቢሮ ዞሮ በመጨረሻ ጀልባው ለጤና ጣቢያችን ተሰጠ።

መጀመሪያ ጀውሃ ወንዝ ዳር ከትልቅ ግራር ጋር አሰርነው። በመጀመሪያው ክረምት ደራሹ ግራሩን ከሥሩ ነቅሎ ጀልባውን ይዞት ሄደ፤ ከብዙ ፍለጋ በኋላ ታች ቄጠማ ውስጥ ተገኘ። ደግሞም ወንዙ አንድ አይደለም፤ የሮቢ ወንዝም ይሞላል። ጀልባው አንድ፣ ወንዙ ሁለት። ስለዚህ ጀልባው ከተማ ውስጥ ማደር፣ ጥሪው ከመጣበት አቅጣጫ ተጎትቶ መሄድ ነበረበት። የጤና ጣቢያው መኪና ቆማለች። የወረዳው ፒክአፕ በክረምት ሁልጊዜ መስክ ላይ ነው።

ማታ እራት ላይ ለጌታነህ ነገርኩት። «የእኛዋ አለች» አለ።

«እሷ ልጆች ልታመላልስ የተሠራች ናት።»

«እናቶችም የሰው ልጆች ናቸው» አለና ተነሥቶ በባትሪ ሥሯን ሊያይ ወጣ።

ዕቃውን መምረጥ ሳምንታት ወሰደበት። መጀመሪያ ሰው ሁሉ የመከረው በገመድ እንዲጎትት ነው፤ የተበላሸ መኪና እንደሚጎተት። «ገመድ ሲጎትቱት እንጂ ሲያቆሙት አያውቅም፤ ፍሬን ስይዝ ጀልባው ጀርባዬ ላይ ይወጣል» አለ። ሁለተኛው ሐሳብ የትልልቅ መኪናዎቹ ቀለበትና ፒን ነበር። ይህንንም አልወደደውም፤ ለትንሽ መኪና ብረቱ ብቻውን ሸክም ነው። በመጨረሻ መርካቶ አሮጌ ዕቃ ተራ ሄዶ እንደ ኳስ ክብ ራስ ያለው መጎተቻ ይዞ መጣ። የተሳቢው ጫፍ እንደ ኩባያ ኳሱ ላይ ይገጠምና ይቆለፋል፤ መኪናዋ ስትታጠፍ አብሮ ይታጠፋል። ኳሱንና ኩባያውን አንድ ላይ ገጥሞ ጆሮው ሥር እያንቀጫቀጨ ነበር የገዛው። «ከተንቀጫቀጨ ልኩ አይደለም» አለኝ።

መጎተቻውን ከኋላ መከላከያው ላይ አላሰረውም። መከላከያው ቆርቆሮ ነው፤ ተገንጥሎ ይቀራል። ከሥር በግራና በቀኝ ካለው የመኪናዋ አጥንት፣ ከሻንሲው ጋር ወፍራም ብረት አጋድሞ በየጎኑ በአራት ብሎን አሰረና ማጥበቂያ ዳዶዎቹን ድርብ አደረጋቸው። መጎተቻው ቢዘል ተሳቢውን የሚይዝ ሰንሰለት ጨመረ። ተሳቢውን ራሱ በየደው፤ ጎማውንና ንዝረት የሚውጠውን ብረት፣ ባሌስትራውን፣ ከአሮጌ መኪና ወሰደ። የኋላ መብራት አደረገለት። የወንዙ ዳር ጭቃ ስለሆነና የፊት ጎማዋ ጭቃ ላይ ስለምትንሸራተት ረጅም ገመድ አዘጋጀ፤ መኪናዋ ጠንካራ መሬት ላይ ቆማ ተሳቢው ብቻውን በገመድ ውሃው ድረስ ይወርዳል፣ በገመድ ይወጣል።

የቀረው ሚዛኑ ነው። እዚህ ላይ ነው የተሳሳትነው፤ ስሕተቱም እኛ ዘንድ ካልሆነ የማይሠራ ስሕተት ነው። ይፋት ውስጥ ጭነት የሚያውቅ ሰው ማለት ግመል የጫነ ሰው ማለት ነው። ጋሽ ሰይድ ተጠርተው ከጀውሃ መጡ። ተሳቢውን ዞረው አዩትና «ልጄ ጌታነህ፣ ጭነት ማለት ሚዛን ነው» አሉ። «ወዲህ ካጋደለ ግመሉ ጀርባው ይቆስላል፤ ወዲያ ካጋደለም ይቆስላል። እኩል ሲሆን መጫኑንም አያውቀው።»

ጌታነህም የፈራው የመኪናዋን ጀርባ ነው። ሞተሩ ጀልባው ጭራ ላይ እንደተሰቀለ ተተወ፤ የነዳጁ ጀሪካን፣ መልሕቁና ገመዱም ወደ ኋላ ሄዱ። የተሳቢው ፊትና ኋላ እንደ ሚዛን እኩል ሆነ። ጋሽ ሰይድ የተሳቢውን ጫፍ በአንድ እጃቸው ብድግ አድርገው አሳዩን። ግቢው ሙሉ ሰው ነበር፤ የጤና ጣቢያው አለቃዬ አቶ ደምሴም ነበሩ። አጨበጨብን። እኔም አጨብጭቤያለሁ።

«ወላሂ፣ ይሄን ፍየል ትጎትተዋለች» አሉ ጋሽ ሰይድ።

የመጀመሪያው ጥሪ ነሐሴ ውስጥ፣ ጠዋት ላይ መጣ። ጀውሃ አንድ ምግብ ቤት ስልክ ነበረው፤ ከዚያ ተደወለ። ከወንዙ ማዶ ሉባባ የምትባል ሴት፣ የመጀመሪያ ልጇ፣ ምጥ ከያዛት ሁለተኛ ቀኗ። የልጁ እጅ ቀድሞ ወጥቷል። እጅ ቀድሞ ከወጣ ሰዓት የለም። ቶሎ አምጥተን ወደ ሆስፒታል ማሳለፍ ነበረብን።

ጌታነህ፣ እኔና ጀልባውን የሚነዳ ሰው ወጣን። ከከተማ እስክንወጣ መኪናዋ ምንም የጎተተች አትመስልም ነበር። ጌታነህ ደስ ብሎት «አየሽ አስናቁ? አታውቀውም እኮ» አለኝ። ከዚያ ቁልቁለቱ ላይ አንድ ከባድ መኪና በኃይል አለፈን። ነፋሱ ተሳቢውን ገፋ አደረገው። ተሳቢው ወደ ግራ ሄደ፣ ወደ ቀኝ ተመለሰ፣ ከዚያም እንደ ውሻ ጭራ መወዛወዝ ጀመረ። በየዙሩ የመኪናዋን ጀርባ ይዞ ይሄዳል። ጌታነህ ፍሬን ያዘ። ፍሬን ሲይዝ ባሰ። ኩባያው ከኳሱ ዘለለ። ሰንሰለቱ አልተበጠሰም፤ ስለዚህ ጀልባው እኛንም ይዞን ቦይ ውስጥ ገባ።

ማናችንም አልተጎዳንም። ጀልባው ግን ማሾ ማሳ ላይ ተገልብጦ ሆዱ ተሰነጠቀ፤ ሞተሩ ተገንጥሎ ወደቀ። የመኪናዋ የኋላ ጎማ ተጣሞ አልዞር አለ። ጌታነህ መሪውን እንደጨበጠ «ቀሎልኝ ነበር እኮ» ይላል። «ቀሎልኝ ነበር።»

ቦርሳዬን ይዤ አንድ የጭነት መኪና አስቁሜ ጀውሃ ደረስኩ፤ ከዚያ ጋሽ ሰይድ ተቀብለውኝ በእግር ወደ ወንዙ ወረድን። ወንዙ ሞልቶ ግንድ እያንከባለለ ነው። ከማዶ ሉባባን በቃሬዛ አምጥተው ዳር ላይ፣ ዛፍ ሥር አስቀምጠዋታል። ሴቶቹ በነጠላ ከልለዋታል። ባሏ ኑሩ ውሃው ጫፍ ላይ ቆሞ እጁን ያወዛውዝልኛል።

እኔ ማዶ ቆሜ ማዋለድ ሞከርኩ። ሌላ ቃል የለውም። እየጮህኩ እንዴት እንደሚያስተኟት፣ እጁን እንዳይጎትቱት፣ ምን እንዳያጠጧት ነገርኳቸው። የውሃው ድምፅ ቃሌን ይበላዋል። ጋሽ ሰይድ የግመል ሰው ድምፅ አላቸውና ያልኩትን ተቀብለው ይጮሁልኝ ነበር። ወንድ ፊት የማይነገር ቃል ሁሉ እየነገርኳቸው፣ እሳቸው አንገታቸውን ደፍተው ቆይተው ቀና ይሉና ቃሌን ሳይቀንሱ ይጮሁታል። ማዶ ያሉት አንዳንዱን ይሰሙታል፣ አንዳንዱን አይሰሙትም። ሲስተር ጽጌ «አይዞሽ ብቻውን አይባልም» ያሉኝ ትዝ አለኝ። ያን ቀን አይዞሽ አላልኳትም። የማደርግላት ነገር አልነበረኝም።

ከሰዓት በኋላ ሴቶቹ ነጠላቸውን አወረዱ። ኑሩ ወደ ውሃው ተጠግቶ ጮኸ።

«ምን አለ?» አልኳቸው ጋሽ ሰይድን።

«ልጁ ወጥቷል፤ ግን አልፏል» አሉኝ። «እሷ አለች።»

ወንዙ በማግሥቱ ሲጎድል ተሻግሬ አየኋት። ብዙ ደም ፈስሷታል፤ ግን አለች። ፊቷን ወደ ግድግዳ እንዳዞረች «መጣን ብላችሁ ነበር አሉኝ» ብቻ አለችኝ። አጠገቧ ተቀመጥኩ።

ጌታነህ ለብዙ ጊዜ መኪናዋን አላነሳትም። ዓርብ ሲመጣ አያጥባትም። ቆላው ውስጥ ደግሞ ነገሩ ቀልድ ሆነ፤ ገበያ ላይ «የጤና ጣቢያው ጀልባ ማሾ ማሳ ላይ ነው የሚዋኘው» ይባል ነበር። እኔ ሰምቼ አልፋለሁ፤ እሱ ግን እየሰማ ይጎሳቆላል። አቶ ደምሴ ደግ ሰው ስለሆኑ «እንተወው፣ ለሌላ ክረምት ሌላ መላ ይፈለጋል» አሉት። እሱ ግን መተውን አልቻለበትም።

አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ የመኪናዋን ጎማ ጠግኖ፣ ተሳቢውን ከቦይ አውጥቶ አቃንቶ፣ በጀልባው ፋንታ አሸዋ የሞላ ጆንያ ጭኖበት አገኘሁት። ከከተማው ጀርባ ካለው ሜዳ ወስዶ እየጎተተ ሲሞክረው ሰነበተ። ጆንያዎቹን ወደ ኋላ አድርጎ ትንሽ ፈጠን ሲል ተሳቢው ይወዛወዛል። ወደ ፊት አምጥቶ ሲሞክር ይረጋል። እንደገና ወደ ኋላ፤ ይወዛወዛል። ጋሽ ሰይድም መጥተው ቆመው ያያሉ። አልጠራቸውም ነበር፤ ራሳቸው ናቸው የመጡት።

«ግመል ጭነቱን ይሸከማል» አለ ጌታነህ ላቡን እየጠረገ። «ይቺ ግን አትሸከምም፣ ትጎትታለች። ሸክሙ ከፊት ሲሆን ይከተላታል። ከኋላ ሲሆን እሱ ይመራታል።»

ጋሽ ሰይድ ጢማቸውን ይዘው ብዙ አሰቡ። «እኔ የማውቀው ግመል ነው» አሉ። «ያ ረቢ፣ መኪና ቢሆን ማን ጠየቀኝ?»

«እኔ ነኝ የጠየቅሁዎት፣ ጋሽ ሰይድ።»

«እኔም መልሻለሁ። ሁለታችንም አጨብጭበናል» አሉትና ጎንበስ ብለው ጆንያ ማንሳት ጀመሩ።

የተሳቢውን ጎማዎች ከነባሌስትራቸው ወደ ኋላ አሸሽቶ እንደገና በየዳቸው፤ ከሸክሙ ጥቂቱ ፊት ላይ፣ መጎተቻው ላይ እንዲያርፍ። አሁን ጫፉን ለማንሳት ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ ማንም አላጨበጨበም። የተሰነጠቀው ጀልባና ሞተሩ ተጠግነው ሲመጡ፣ ሞተሩ ወንዙ ዳር ብቻ ጭራው ላይ እንዲሰቀል፣ መንገድ ላይ ግን ተነቅሎ ጀልባው ፊት ላይ፣ ጆንያ ተነጥፎለት እንዲተኛ ወሰነ። ነዳጁም እንዲሁ። አንዱ ሰንሰለት ሁለት ሆነና ከመጎተቻው ሥር ተጠላለፈ፤ ጫፉ ቢዘል መሬት ከመንካቱ በፊት እንዲያቅፈው። የመኪናዋ ጀርባ እንዳይጎብጥ ደግሞ የመጨረሻውን ረድፍ ወንበር ነቀለው። ወንበሩ ሳሎናችን ገባ፤ ለዓመታት እንግዳ የምናስቀምጠው እዚያ ላይ ነበር። ልጆቹ መቀመጫቸውን ስለተቀሙ አኮረፉ፣ ከዚያ ቤት ውስጥ መኪና መጫወት ጀመሩ። እኔ የሲስተር ጽጌን የበቅሎ ዙር ነገርኩት፤ ከዚያ ወዲህ ከመነሣቱ በፊት ብሎኑን፣ ቁልፉን፣ ሰንሰለቱን እየዳሰሰ ይዞር ነበር። በሰዓት ከሠላሳ ኪሎ ሜትርም በላይ አይነዳም።

በሚቀጥለው ክረምት መግቢያ ሉባባ እንደገና እርጉዝ ነበረች፤ ቀኗም ተቃርቦ ነበር። ወንዙ ሳይሞላ ወደ ከተማ መጥታ ዘመድ ቤት እንድትቆይ ልነግራት ሄድኩ። ጌታነህም አብሮኝ መጣ፤ ግን ቤቷ አልገባም፣ ውጭ ቆመ።

«ከተማ ማን አለኝ?» አለች። «ፍየሎቼንስ ለማን ሰጥቼ?»

«እኔ ቤት ትቀመጫለሽ።»

«ሲስተርዬ፣ አንቺ ቤት የሚያድረው መኪናው ነው አሉኝ፤ ወንበሩ ሳሎን ገብቷል አሉ።» ሳቀች፤ ካዘነችበት ቀን ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያን ጊዜ ነው። ከዚያ ወደ በሩ ተመለከተች። «ውጭ የቆመው እሱ ነው?»

«እሱ ነው።»

«ግባ በይው። ፀሐይ ላይ ምን ያቆመዋል?»

ጌታነህ ገባና ወተት ጠጣ። እሷ ግን ወደ ከተማ አልመጣችም።

ጥሪው ሐምሌ ማብቂያ ላይ፣ ረፋድ ላይ መጣ። መኪናዋ ተሳቢውን ይዛ ቁልቁለቱን ወረደች። ከባድ መኪና አለፈን፤ ተሳቢው ነቅነቅ ብሎ ተከተለን። ጌታነህ ስፖኪዮውን እንጂ መንገዱን የሚያይ አይመስልም ነበር። ወንዙ ሞልቷል፤ ግን ይቀዘፋል። ጌታነህና ጀልባ ነጂው ጀልባውን በረጅሙ ገመድ አወረዱት፣ ሞተሩን ሰቀሉት፤ ነጂው ሞተሩ ጋ፣ ከጀውሃ የተከተሉን ጋሽ ሰይድ ወደ ፊት፣ እኔ መሐል ተቀመጥን። ተሻግረን ሉባባን ከኑሩ ጋር አመጣናት። ልጁ በጭንቅላቱ መጥቷል። ግን ደም እየታያት ነበር፤ ያለፈውን ደም ስለማውቅ ቸኮልኩ።

መኪናዋ ውስጥ አስተኝቻት መረመርኳት። ጌታነህ በመስኮት ፊቴን ያያል።

«ስንት ጊዜ አለን?»

«ለመድረስ ይበቃል» አልኩት። «ለመቆየት አይበቃም።»

ላይ ደጋው ጠቁሯል። ማንም የዚያን አገር ሰው ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ጀልባውን ትተን ብንሄድ ከመመለሳችን በፊት ወንዙ ይወስደዋል፤ ሌላ ጀልባ የለም። ጎትተን ብንሄድ መንገዱ ይረዝምብናል።

«ተዉት!» አሉ ጋሽ ሰይድ። «ነፍስ ይበልጣል።»

«ሌላ ነፍስ ነገ ትጠራናለች» አለ ኑሩ። የገዛ ሚስቱ መኪና ውስጥ እያለች ነው ይህን ያለው።

ጌታነህ ጀልባውን በገመድ ስቦ ተሳቢው ላይ አወጣው። እጁ ይፈጥናል። ሰንሰለቶቹን አጠላለፈ። ቁልፉን ዘጋ። ሞተሩን ግን ከጭራው አልነቀለውም፤ መንቀሉ፣ መሸከሙ፣ ፊት አስተኝቶ ማሰሩ ጊዜ ይበላል። ወደ መሪው ሮጦ በሩን ከፈተ።

ሉባባ ከተኛችበት በክንዷ ተደግፋ ቀና አለች። በኋላ መስኮቱ ወደ ጀልባው ታያለች።

«ሞተሩ የት ነው ያለው?» አለች።

ጌታነህ በሩን እንደያዘ ወደ ኋላ ዞረ።

«ኋላ ነው ያለው» አለች። «አምና ኋላ ነበር። ቆላው ሁሉ ያውቀዋል፣ ገበያ ላይ ሕፃን ያወራዋል። ሂድና ፊት አድርገው።»

«ሉባባ፣ አንቺ ደም…» አላት ጌታነህ።

«እኔ እጠብቃለሁ። መጠበቅ አውቃለሁ። ሂድ።»

ምጥ መጣባትና ጥርሷን ነከሰች፤ እጄን ይዛ ነበር፣ እስካሁን የያዘችው ቦታ ይሰማኛል። ጌታነህ ወረደ። እሱና ኑሩ ሞተሩን ነቅለው ተሸክመው ጆንያው ላይ አስተኙት፣ አሰሩት። ከዚያ እጁን በሰንሰለቱ፣ በቁልፉ፣ በብሎኑ ላይ አሳልፎ ተመለሰ። ጋሽ ሰይድ «ቢስሚላህ» አሉ። ተነሣን።

መንገዱ ረጅም ነበር። አስፋልቱ ላይ ስንወጣ ጌታነህ ፍጥነት ሊጨምር እግሩን ሲጫን ሰማሁት፤ ከዚያ መልሶ ለቀቀው። ሉባባ በምጥና በምጥ መካከል «በእግሬ እቀድማችሁ ነበር» ትላለች። ኑሩ «ዝም በይ» ይላታል። «አንተ ዝም በል፣ ምጡ የማን ነው?» ትለዋለች። ተሳቢው ከኋላችን ዝም ብሎ ይከተላል።

ጤና ጣቢያ ደርሰን ብዙም አልቆየች። ሴት ልጅ ወለደች። ደሙ መፍሰስ ጀምሮ ነበር፤ የምሰጣት መድኃኒትም፣ የምታጠብበት ውሃም፣ የሚያግዘኝ ሰውም እዚያ ስለነበረ ቆመ። ወንዙ ዳር ቢሆን አይቆምም ነበር።

ስወጣ ጌታነህ ግቢው ውስጥ መኪናዋ አጠገብ ቆሟል። ተሳቢውን እንኳን አልፈታውም።

«እሷስ?» አለኝ። ስለ ልጁ አልጠየቀም።

«ሁለቱም ደህና ናቸው።»

ፊቱን አዞረ። እጁን ጀልባው ጎን ላይ አድርጎ ለብዙ ጊዜ ቆመ። አልቀረብኩትም። ሃያ ምናምን ዓመት አብሬው ስኖር ያን ያህል የወደድኩበት ቀን አላስታውስም፤ አልነገርኩትም። አሁን እጽፈዋለሁ።

እንዲህ እንደቆምን አቶ ደምሴ ከቢሮ ወጡ። ስልክ ተደውሏል፤ ከሮቢ ማዶ፣ ሌላ ሴት። ወንዙ እየሞላ ነው።

ቦርሳዬን ለመያዝ ተመልሼ ገባሁ። ሉባባ ልጅቷን ደረቷ ላይ አድርጋ ዓይኗን ከድናለች። የመኪናዋ ሞተር ሲነሳ ከፈተችው።

«ወዴት ነው?»

«ሮቢ ማዶ። ሌላ አለች።»

ልጅቷን አስተካክላ አቀፈቻት።

«ቀስ በል በይው» አለችኝ። «ትደርሳላችሁ።»